በሥራው ላይ በቲቢ የተያዘ ሐኪም ጉዳይ የማን ጉዳይ ነው?

ክሩን የከፈተው፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አንድ ዓመት ያህል አመንትቻለሁ። የሬዚደንትነት (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሳለሁ ሳል ያዘኝና ሦስት ሳምንት ቆየብኝ። ፊቴ ተቀምጦ «ከሁለት ሳምንት በላይ አሳለኝ» የሚል ሕመምተኛ ቢሆን ኖሮ ያለ አክታ ምርመራ አልሸኘውም ነበር። ለራሴ ግን አሞክሲሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ፤ እሱ ሲያልቅ አዚትሮማይሲን ደገምኩ። የሌሊቱን ላብ በተረኝነት ድካም፣ የክብደቴን መቀነስ ምሳ በመዝለሌ አሳበብኩ። በመጨረሻ አብራኝ ተረኛ የነበረች ባልደረባዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስስል ሰማችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ራጅ ክፍል ወሰደችኝ። ፊልሙን ብርሃኑ ላይ ሰቅለን ስናየው ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ቃል አልወጣንም። በቀኝ ሳንባዬ የላይኛው ክፍል ቀዳዳ ነበር፤ ለተማሪ ባሳየው አንዱም የማይስተው ዓይነት። በማግስቱ የጄን ኤክስፐርት (የአክታ ምርመራ መሣሪያ) ውጤት ባክቴሪያው መኖሩን፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒትም ያልተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚገድለው መሆኑን አረጋገጠ። ስድስት ወር መድኃኒት ወስጄ ድኛለሁ፤ ተመስገን።

ከማን እንደያዘኝ ምዬ መናገር አልችልም። የምጠረጥረው ግን አንድ ሕመምተኛ አለ። የልብ ድካም ተብለው የገቡ አዛውንት ነበሩ፤ ስምንት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ ለአሥራ አንድ ቀን ተኝተዋል። አክታቸው ወደ ላብራቶሪ የተላከው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኔን ጨምሮ ማንም ቲቢ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጀርባቸው ላይ ማዳመጫዬን አሳርፌ፣ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አቅርቤ፣ «አባባ፣ በኃይል ይተንፍሱ፤ እስቲ ይሳሉ» እል ነበር። በአልጋቸው በኩል ያለው መስኮት በሚስማር የተመታ ስለሆነ አይከፈትም። ፊቴ ላይ የነበረው ለቀዶ ሕክምና የሚውለው ስስ ማስክ ነው።

ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። የሕመም ፈቃዴ በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት እንዲመዘገብልኝ ወደ አስተዳደር ሄጄ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ፣ «ቲቢ በሀገሩ ሁሉ ያለ በሽታ ነው፤ ከሆስፒታል ይሁን ከታክሲ በምን ታውቃለህ?» የሚል ነበር። ቦታውን መጥቀስ አልፈልግም፤ ሌላ ቦታም የተለየ መልስ የሚገኝ አይመስለኝም። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ መልስ በሳይንስም በሕግም ትክክል ነው? ሁለተኛ፣ ከእኔ በኋላ ወደዚያ ክፍል የሚገቡትን ኢንተርኖች የሚጠብቃቸው ምንድን ነው?


መልስ፦ ሲስተር፣ የሕክምና ዋርድ

ዶክተር፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት።

በነርስነት አሥራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ መስኮቱ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ እኔም ከመስኮት ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝና። ጠዋት ስገባ ሁሉንም እከፍታለሁ፤ መድኃኒት አድዬ ስመለስ ተዘግተው አገኛቸዋለሁ። አስታማሚዎቹን አልወቅስም። ያላበው ሕመምተኛ ነፋስ ከነካው ምች ይመታዋል፣ ብርድ ይገባዋል እየተባልን ያደግን ሕዝብ ነን፤ የእኔም እናት እንደዚያው ናት። አንድ ቀን አንዲት እናት መስኮቱ በነፋስ እንዳይከፈት የነጠላዋን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት ጋር ቋጥራ፣ ሌላውን ጫፍ ተከናንባ፣ በልጇ ራስጌ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ያንን ቋጠሮ መፍታት ሕሊና የሚጠይቅ ነገር ነበር። ቆይቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ መስኮት ከመክፈቴ በፊት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ማምጣት፣ አልጋውን ነፋሱ በቀጥታ ከሚያገኘው ቦታ ፈቀቅ ማድረግ፣ ከዚያም ለአስታማሚዋ «ይህ አየር ለእርስዎም ነው፤ ቤት ያሉትን ልጆችዎን ይጠብቅልዎታል» ብሎ ማስረዳት እንደሚበጅ ነው። ስትረዳው ራሷ ጠባቂ ትሆናለች።

ሌላው የአክታ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ሕመምተኛው የአክታ ዕቃውን ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፤ ሰው ስለሚያፍር። መጸዳጃ ቤት ደግሞ ጠባብና መስኮት አልባ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚገባው ሰው፣ ከሁሉም በላይ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ያንን አየር ትስባለች። አክታ መሰብሰብ ያለበት ደጅ፣ ሰው በማያልፍበት ጥግ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቦታ ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ርዕሱ ስለ ሐኪሞች ቢሆንም ነርሷን፣ የላብራቶሪ ባለሙያውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና ተሸካሚውን እንዳትረሱብን አደራ እላለሁ። ሐኪሙ ራውንድ አድርጎ ይወጣል፤ እኛ እዚያው እንውላለን። አንዲት ባልደረባዬ ቲቢ ሲገኝባት፣ የሥራ ጓደኞቿ «ኤችአይቪ ይኖርባት ይሆን?» እንዳይሏት ፈርታ መድኃኒቷን ከሌላ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ ስትወስድ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ፣ መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ፊት ውጣ፣ ተመልሳ ለሥራ ትደርሳለች። እኔ ያወቅሁት ከጨረሰች በኋላ ነው።


መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ዶክተር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የሳይንሱን ክፍል ልሞክር።

«ከታክሲ ይሁን ከሆስፒታል በምን ታውቃለህ?» የሚለው መልስ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል። ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ለሳንባ ሕሙማን ተብሎ በተቋቋመው የብሮምፕተን ሆስፒታል የሠራተኞችን ሁኔታ መሠረት አድርጎ የታተመ ጽሑፍ፣ ሕሙማኑን የሚያስታምሙ ሰዎች ከሌላው ሰው የበለጠ አይታመሙም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ሐኪሞች ይህንን ለአሥርት ዓመታት ይዘውት ቆዩ። የጊዜው ከተሞች በቲቢ የተሞሉ ስለነበሩና አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ባክቴሪያውን ስለሚያገኘው፣ ከሥራ የመጣውን ከመንደር ከመጣው መለየት በእርግጥም ከባድ ነበር።

ነገሩን የለየው ዮሐነስ ሃይምቤክ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው። ኦስሎ በሚገኘው የኡለቮል ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት የሚመጡትን ልጃገረዶች ከእ.ኤ.አ. 1924 ጀምሮ ሲገቡ በቆዳ ምርመራ አያቸው። ግማሽ ያህሎቹ ባክቴሪያው ፈጽሞ ያልነካቸው የገጠር ልጆች ነበሩ፤ የሦስት ዓመት ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ግን ሳይነካት የቀረች አልነበረችም ማለት ይቻላል። በቲቢ የታመሙትም በአብዛኛው እነዚያው ንጹሕ ሆነው የገቡት ናቸው። ሃይምቤክ ያደረገው ትልቅ ነገር ሲገቡ መመርመሩ ነው፤ መነሻው ካልተመዘገበ ማንም አስተዳደር «ከታክሲ ነው» ቢል መልስ አይገኝለትም።

የበሽታው መንገድ አየር መሆኑን ደግሞ ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ አሳዩ። የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ትንሽ ዋርድ የሚወጣውን አየር በቱቦ አሳልፈው ጊኒ ፒግ ወደሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ክፍል አስገቡት። እንስሳቱ ከሕሙማኑ ጋር ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ሆኖም በቲቢ ተያዙ። አየሩ አስቀድሞ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲያልፍ የተደረገላቸው ሌሎቹ እንስሳት አልተያዙም። ከዚህ ሙከራ ለእኛ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ አብዛኛውን ጉዳት ያደረሱት ጥቂት ሕሙማን ነበሩ፤ እነሱም ትክክለኛውን መድኃኒት ያላገኙት ናቸው። ባክቴሪያው የተላመደው መድኃኒት ሲሰጣቸው የነበሩትም ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የሚሠራ መድኃኒት የጀመረ ሕመምተኛ በፍጥነት የማስተላለፍ ኃይሉ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለሐኪሙ ያን ያህል አስጊ የሆነው «ቲቢ» ተብሎ በተጻፈበት በር ውስጥ የተኛው ሕመምተኛ አይደለም፤ እሱ መድኃኒት ጀምሯል፣ እርስዎም ተዘጋጅተው ይገባሉ። የሚያሰጋው በልብ ድካም፣ በስኳር ወይም በተራ የሳንባ ምች ስም አጠቃላይ ዋርድ ውስጥ ተኝቶ ዘጠነኛ ቀኑ ላይ አክታው የሚላክለት ሰው ነው። የእርስዎን አዛውንት ሳነብ የባልቲሞሩን ሙከራ ያስታወሰኝ ይህ ነው።


መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ። ሆኖም የተለየ አሳብ አለኝ፤ በቅንነት እንድታዩልኝ እጠይቃለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ብቻዬን። ቲቢ አልያዘኝም። ከሕክምና ትምህርት ቤት ጓደኞቼ መካከል ግን ሁለቱ ተይዘዋል፤ አንደኛው ሥራ ከመጀመሩም በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ አብሮት ክፍል ይጋራ ከነበረ ዘመዱ። አስተዳደሩ የሰጠው መልስ ልብ ቢሰብርም ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያለ ውይይት በወጣት ሐኪሞች ላይ ፍርሃት ካሳደረ፣ የሚያስል ሕመምተኛ ከበሩ ላይ ሆኖ የሚጠየቅበት፣ ጀርባው የማይዳመጥበት ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ። ሕሙማኑ ከመገለል የተረፉበት ብቸኛ ቦታ የእኛ ክፍል ነውና።


መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ጋሼ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች መካከል በዕድሜያቸው ዘመን የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው፤ ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይታመሙ መሥራት አልተጋለጡም ማለት አይደለም፤ ምናልባትም ባክቴሪያው በእርስዎም በእኔም ውስጥ ተኝቶ ይሆናል። የአንድን ሰው በሽታ ምንጭ ለይቶ ማወቅ ከባድ መሆኑን እቀበላለሁ። በጅምላ ሲታይ ግን በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የተደረጉትን ጥናቶች ያሰባሰቡ ግምገማዎች፣ የጤና ባለሙያዎች ከሌላው ሕዝብ በላይ እንደሚያዙ ደጋግመው አሳይተዋል። ፍርሃቱን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ወጣቱ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳይፈራ ቀርቦ እንዲያዳምጥ የሚያደርገው ግን የተከፈተ መስኮትና በጊዜ የተላከ አክታ ይመስለኛል።


መልስ፦ አርክቴክት

ሐኪም አይደለሁም፤ ባለቤቴ ግን ናት። ስለ መስኮት ስትነጋገሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአንድ ክፍል አየር በሰዓት ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ በአዲስ እንደሚተካ ማስላት ይቻላል። የሚያስለው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ፣ አየሩ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ የተበተነውን ብናኝ 99 በመቶ ለማስወገድ 138 ደቂቃ ይፈጃል። 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ፣ 12 ጊዜ ከሆነ 23 ደቂቃ ይበቃል። የቲቢ ሕሙማን ለሚኖሩበት ክፍል የሚመከረው ቢያንስ 12 ጊዜ ነው። በር ዘግታችሁ በምትመረምሩበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ሕመምተኛ ሲገባ የመጀመሪያው ሰው ሳል ገና አብሯችሁ አለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ የሆስፒታል ዲዛይን የሚሠራ ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። ተመራማሪዎቹ በተፈጥሮ ነፋስ ብቻ የሚጠቀሙ 70 የሕክምና ክፍሎችን ለኩ። መስኮቶችና በሮች ሲከፈቱ አየሩ በመካከለኛ ግምት በሰዓት 28 ጊዜ ተለዋወጠ፤ ይህም በሞተር የሚሠራው ዘመናዊ የአየር ማናፈሻ እንዲያስገኝ ከሚጠበቀው ከ12 በእጥፍ ይበልጣል። የሚያስደንቀው ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው የድሮ ክፍሎች 40 ጊዜ ሲያስመዘግቡ፣ አዲሶቹ 17 ብቻ ማስመዝገባቸው ነው። እኛም ሀገር ያየሁት ከዚህ የተለየ አይደለም። የድሮዎቹ ሆስፒታሎች ግድግዳ ወፍራም፣ ጣሪያቸው ሩቅ፣ መስኮታቸው ትይዩ ነው፤ አንዱ ነፋስ ሲያስገባ ሌላው ያስወጣል። ዛሬ የምንሠራቸው ግን በመስታወት ተሸፍነው፣ ከአራት መስኮት አንዱ ብቻ፣ እሱም በትንሹ፣ የሚከፈትባቸው ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ። ከፊሎቹ ክፍሎች የሚሰቀልላቸው ማቀዝቀዣም ያንኑ የክፍሉን አየር እየመለሰ የሚያዞር እንጂ አዲስ አየር የሚያስገባ አይደለም። ይህን የምጽፈው የሙያ ባልደረቦቼን ለማሳጣት ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ያለ ፕላን ፈርሜ አውቃለሁ፣ ያኔ ማንም ስለ ሳል አልነገረኝም።

መለኪያ መሣሪያ ባይኖራችሁ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ዕጣን ይበቃል። ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ኦክስጅን ሲሊንደር በአካባቢው አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ በትንሽ ማጨሻ ላይ ጥቂት ዕጣን አድርጋችሁ ሕመምተኛው በሚተኛበት ቦታ አስቀምጡት፤ ጢሱን በዓይናችሁ ተከተሉት። ሐኪሙ የሚቀመጥበት ወንበር በጢሱ መንገድ ላይ ከሆነ ወንበሩን አዛውሩ። ሐኪሙ ነፋሱ በሚገባበት በኩል፣ ሕመምተኛው በሚወጣበት በኩል መቀመጥ አለበት። ለባለቤቴ የምርመራ ክፍል ያደረግሁላት ይህንኑ ነው፤ ጠረጴዛውን ማዞር አሥር ደቂቃ አልወሰደብንም።


መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ዶክተር፣ ስለ ሕጉ የጠየቁትን ባጭሩ ልመልስ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 98 ሥር በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ይተረጉማል። ሥራው በሚከናወንበት አካባቢ የሚዛመቱና የሚይዙ ነዋሪ ወይም ተላላፊ በሽታዎችን ከትርጉሙ ያወጣል። አስተዳደሩ «በሀገሩ ሁሉ ያለ በሽታ ነው» ሲል ሳያውቀው የተጠጋው ወደዚህ አሳብ ነው። ነገር ግን ሕጉ እዚያ ላይ አላቆመም፤ በሥራቸው ምክንያት እነዚህን በሽታዎች ለማጥፋት የተሰማሩ ሠራተኞች ሲያዙ በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ እንዲቆጠር ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። በጠቅላላ ዋርድ የሚሠራ ሐኪም በዚህ ውስጥ ይወድቃል ወይ የሚለው ክርክር የሚያስነሳ ነው፤ የእኔ አቋም ይወድቃል የሚል ነው፤ ምክንያቱም ቲቢን መፈለግና ማከም የዕለት ሥራው ነው።

ይህ አዋጅ በግል ሆስፒታል ለሚሠሩት ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ያላችሁት የምትተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። እሱም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ከተራ የሕመም ፈቃድ የተለየ መብት ይሰጣል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ቲቢን በስሙ አስፍሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ነው። ጥያቄዎን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ቁጥርና ቀን ያስጽፉ። በየትኛው ዋርድ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ የሚያሳየውን የተረኝነት ሰሌዳ ቅጂ፣ ሥራ ሲጀምሩ የተነሡት ራጅ ካለ እሱን፣ የምርመራ ውጤቱንና የሐኪም ማስረጃውን አያይዙ። የሕመምተኛውን ስም ግን በፍጹም እንዳይጽፉ፤ የእሳቸው ምስጢር የእሳቸው ነው። በየዋርዱ የትኛው ሠራተኛ መቼ እንደተጋለጠ የሚመዘገብበት ደብተር ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር።


መልስ፦ ከደቡብ አፍሪካ

የምሠራው ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ነው፤ ትምህርቴን የጨረስኩት ጎንደር።

እዚህ ሀገር ቲቢና የጤና ባለሙያ ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ቱጌላ ፌሪ የምትባለውን ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። በዚያ ባለው ሆስፒታል ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ የተገኘባቸው 53 ሕሙማን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲሆን፣ 52ቱ ሞተው ነበር። አክታቸው ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ የኖሩት በመካከለኛ ግምት 16 ቀን ነው። ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው አያውቁም፤ ይህም በሽታው ከነተላማጅነቱ ከሌላ ሰው እንደተላለፈባቸው ያሳያል፤ ብዙዎቹም በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዝምታውን የሰበሩት የታመሙት ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። ዶክተር ዳሊን ፎን ዴልፍት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲገኝባት ወጣት ሐኪም ነበረች። በዚያ ጊዜ ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ መርፌ ነበረበት፤ መርፌው ጆሮን ያደነቁራል። መስማት ያቃተው ሐኪም ማዳመጫውን ምን ያደርገዋል? ቤዳኩሊን የተባለው አዲስ መድኃኒት ገና ሳይፈቀድ በልዩ ሁኔታ ስላገኘች መርፌውን ትታ ጆሮዋ ተረፈ። ከሌሎች ተመሳሳይ ዕጣ ከገጠማቸው ባልደረቦቿ ጋር ሆና ቲቢ ፕሩፍ የተባለውን ማኅበር መሠረተች፤ ስማቸውንና ፊታቸውን ገልጠው፣ የሕክምና ተማሪዎች ፊት ቆመው «እኔም ታምሜ ነበር» ብለው ይናገራሉ። ዛሬ ለብዙዎቹ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ላለባቸው ሰዎች ያለ መርፌ በ6 ወር የሚያልቅ ሕክምና አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መክሮታል።

ስለ ማስክም አንድ ነገር። ስሱ የቀዶ ሕክምና ማስክ ሐኪሙን አይጠብቅም፤ በጉንጭና በአፍንጫ በኩል አየር ይገባል። ሕመምተኛው ሲያደርገው ግን ዋጋ አለው፦ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ እንደ ባልቲሞሩ ባለ አሠራር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሙከራ፣ ሕሙማኑ ስሱን ማስክ ሲያደርጉ መተላለፉ በ56 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ስሱ ለሚያስለው፣ ኤን-95 (ፊት ላይ የሚገጥመው ወፍራም ማስክ) ለሐኪሙ። በብዙ ቦታ የማየው ተገላቢጦሹን ነው።


መልስ፦ ኢንተርን

እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወር ላይ ነኝ። በልጅነቴ የተከተብኩት የክንድ ክትባት አሁን ይጠብቀኛል? ኤን-95 በሳምንት አንድ ይሰጠናል፤ ይበቃል? ደግሞ ጺም አለኝ።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ፣ ነርስ

ወንድሜ፣ ሐኪሞቹ እስኪመልሱልህ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ያ የክንድ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሕፃናትን ከከባዱ የቲቢ ዓይነት፣ ማጅራት ገትር ከሚያመጣውና በሰውነት ከሚበተነው፣ ይጠብቃል፤ ለአዋቂ ግን አትተማመንበት። ኤን-95 ካልረጠበ፣ ካልተቀደደና ላስቲኩ ካልላላ ተደጋግሞ ሊደረግ ይችላል፤ በወረቀት ከረጢት አድርገህ አስቀምጠው፣ በፌስታል አትቋጥረው። ጺሙን ግን ተላጨው። እዚህ ሥራ ስንጀምር ማስኩን አድርገን ራሳችን ላይ ኮፈን ይደፋልንና መራራ ነገር ይረጩበታል፤ ምላሳችን ላይ መራራውን ከቀመስን ማስኩ ልካችን አይደለም ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀምሼ በሌላ መጠን ቀየሩልኝ። ጺም ያለው ሁሉ ይቀምሰዋል።

እዚህ ስቀጠር የደም ምርመራ አድርገው ድብቅ ቲቢ አገኙብኝ። አልታመምኩም፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ለ12 ሳምንት ሰጡኝና ጨረስኩት። አዲስ አበባ ስሠራ በነበርኩባቸው ስምንት ዓመታት አንድም ሰው መርምሮኝ አያውቅም ነበር። ስለ መከላከያው መድኃኒት ለራስህ ሐኪም ንገረው፤ በተለይ ስኳር ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ካለብህ ሳትዘገይ ጠይቅ።


መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ክሩን የከፈተው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎንም ሥጋት ይዤ ነው ወደ ሥራ የገባሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ለጽዳት ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከዋርዱ ሲስተር ጋር ሆነን ኦክስጅኑን አስወጥተን ዕጣኑን አጨስን። ማጨሻውን አዛውንቱ ተኝተውበት በነበረው አልጋ ላይ፣ ራስጌው አጠገብ አስቀመጥነው። ጢሱ ወደ መስኮቱ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ተኛ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተጎተተና ካርድ የምንጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ወረደ። ራውንድ ከጨረስን በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምንቀመጥበት ጠረጴዛ ነው። ሲስተር ምንም አላለችም፤ ወንበሩን አንስታ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

የጥገና ክፍል ሠራተኛው ሰኞ መጥቶ ሚስማሮቹን ነቀለ፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቶባቸው ስለነበር በመዶሻ ጥርስ ነው የወጡት። ትይዩ ያለው ሌላው መስኮትም አብሮ ተከፈተ። የካርድ ጠረጴዛው አሁን ኮሪደሩ ላይ፣ በክፍት መስኮት ሥር ነው። ከሬዚደንቶቹ ጋር ተስማምተን ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ሁሉ፣ በምን ምክንያት ይግባ በምን፣ አክታው በገባበት ቀን እንዲላክ በመግቢያ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀምረናል። በመጀመሪያው ሳምንት በስኳር ሕመም ከገባች አንዲት ሴት ላይ ቲቢ ተገኘ፤ በሁለተኛው ቀኗ።

ደብዳቤውንም በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ሰጥቶኛል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚህ አሰፍረዋለሁ።